በእንሰት ብብት ያለው ውሃ

ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ ለሚጓዝ ሰው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ዓይኑን የሚሞላው እንሰት ነው። ጎጆዎቹ ከእንሰቱ ኋላ ተሸሽገው ጭሳቸው ብቻ ይታያል። በሐዲያና በከምባታ የአንድ ቤት ኑሮ የሚገመተው ከበረቱና ከእንሰቱ ነው። ቆጮው የዓመት ቀለብ፣ ቡላው የአራስና የእንግዳ ምግብ፣ አሚቾው ተቀቅሎ የሚበላ፣ ቃጫው ገመድ፣ ቅጠሉ መጠቅለያና የከብት መኖ ነው። እህል በነጠፈበት ዓመት ሰው በእንሰት ይሰነብታል። በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ኑሮው በዚህ ተክል ላይ እንደ ተመሠረተ የዘርፉ ጠበብት ይገምታሉ።

በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው ከዚሁ ባለውለታ ተክል ጋር አብራ ስለምትኖር አንዲት ትንኝና ስለምታስተላልፈው በሽታ ነው።

ይህ ዘጋቢ የእርሻ ዲፕሎማውን ይዞ ወደ ገጠር ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ስለ ትንኝ ለአርሶ አደሮች የሚናገረው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። ኩሬው ይዳፈን፣ የረጋው ውሃ ይፋሰስ፣ ማታ አጎበር ውስጥ ይተኛ። ምክሩ ለወባ ትክክል ነው፤ ዛሬም አይሻርም። ነገር ግን ሲናገር ዓይኑ መሬት መሬቱን ያይ ነበር እንጂ ቀና ብሎ እንሰቱን ተመልክቶ አያውቅም። አንድ ክረምት ላይ በአጠውልግ በሽታ የተጠረጠረ የእንሰት ጓሮ ለማየት ከሆሳዕና ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ገብቶ ሳለ፣ የቅጠሉ እግር ከግንዱ የሚገናኝበትን ብብት በባትሪ ብርሃን ገልጦ ቢመለከት ከአንድ ስኒ የማይበልጥ የጠቆረ ውሃ አገኘ። በውሃው ውስጥ ራሳቸውን ቁልቁል ዘቅዝቀው የሚወዛወዙ የትንኝ እጮች ነበሩ። የወባ ትንኝ እጭ በውሃው ገጽ ላይ ተጋድሞ የሚተኛ በመሆኑ እነዚህ የወባ አለመሆናቸው ግልጽ ነበር። የቤቱ እመቤት በነገሩ አልተደነቁም። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ውሃ ነው፤ ትሎቹም እንሰቱን እስካልበሉት ድረስ ለእሳቸው ከቁም ነገር የሚገቡ አልነበሩም። ይህ ዘጋቢ ግን ለስንት ገበሬ ኩሬ ሲያስደፍን እንደ ከረመ አስታውሶ አፈረ።

ስሙ የሚያሳስት በሽታ

ትንኟ በሳይንስ ስሟ ኤደስ ሲምፕሶኒ የሚባለው ወገን ናት። የምታስተላልፈውም በሽታ ቢጫ ወባ ይባላል። ይህ ስም በአማርኛችን ብዙ ስሕተት አስከትሏል። በሽታው ወባ አይደለምና። ወባን የሚያመጣው በደም ውስጥ የሚራባ ጥገኛ ተሕዋስ ሲሆን፣ ቢጫ ወባን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። የወባ መድኃኒት አይፈውሰውም። የወባን በሽታ የምታስተላልፈው አኖፌለስ የምትናከሰው ማታና ሌሊት ነው፤ ይህቺኛዋ ግን በጠራራ ቀን ትናከሳለች። እናት ቆጮ ስትፍቅ፣ ልጆች በጓሮ ሲጫወቱ፣ አባወራው ፍግ ሲደፋ ትመጣለች። እንግዲህ ሌሊቱን በአጎበር ውስጥ ያደረ ሰው ከወባ ተጠብቆ ሲነጋ ለሌላዋ ይጋለጣል ማለት ነው።

የእንሰት ጓሮ ለዚህች ትንኝ የተመቸበት ምክንያት ቀላል ነው። የእንሰት ቅጠል እግሩ እንደ አሸንዳ ጎድጎድ ያለ በመሆኑ የወረደውን ዝናብ ሁሉ ወደ ብብቱ ያወርዳል። በዚያም ጥላ ስላለ ውሃው ቶሎ አይደርቅም። ጎደሬና ሙዝም በዚሁ መንገድ ውሃ ይቋጥራሉ። ትንኟ እንቁላሏን ከውሃው ከፍ ብላ በእርጥቡ ግድግዳ ላይ ትጥላለች፤ እንቁላሉ ደረቁን ወቅት ችሎ ይቆይና ዝናብ መጥቶ ውሃው ሲደርስበት ይፈለፈላል። ስለዚህ በበጋ ጓሮው ጸጥ ማለቱ ትንኟ ጠፋች ማለት አይደለም።

ቫይረሱ ራሱ መነሻው ጫካ ነው። በዛፍ ላይ በሚኖሩ ትንኞችና በጉሬዛ፣ በጦጣ፣ በዝንጀሮ መካከል ይመላለሳል። ሰው ወደ ቆላ ወርዶ ደን ሲመነጥር፣ ከሰል ሲያከስል ወይም የወንዝ ዳር ማሳ ሲጠብቅ ይነከሳል። ከዚያ ወደ ቤቱ ሲመለስ በሽታውን በደሙ ይዞ ወደ እንሰቱ ጓሮ ይገባል። የጓሮዋ ትንኝ ከእሱ ወስዳ ለቤተሰቡ፣ ለጎረቤቱ ታዳርሳለች።

ከኦሞ ሸለቆ እስከ ደጃችን

አፍሪካ እስከ ዛሬ ካየቻቸው የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ የከፋ ሆኖ የተመዘገበው በአገራችን የደረሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 ባሉት ዓመታት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በኦሞ ወንዝ ተፋሰስ በተነሣው ወረርሽኝ 100 ሺህ ያህል ሰው ታምሞ 30 ሺህ ያህል እንደ ሞተ ይገመታል። ኦሞ ማለት ሐዲያና ከምባታን በምዕራብ በኩል የሚያዋስነው የጊቤ ወንዝ የታች ስም መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ከነበረው የፓስተር ተቋም ወደ ሥፍራው የወረዱት ዶክተር ሴሪዬና ባልደረቦቻቸው ባደረጉት ጥናት፣ እንሰትና ጎደሬ ቤቱን ከብበው በሚበቅሉበት አገር በሽታውን ከሰው ወደ ሰው ያዛመተችው ይህችው የቅጠል ብብት ትንኝ እንደ ሆነች ደረሱበት። ኩሬና ረግረግ ሲፈልግ ለሚውል ሰው ይህ ትልቅ ትምህርት ነበር።

የሚያስቆጨው፣ የበሽታው ክትባት ያን ጊዜም የነበረ መሆኑ ነው። ማክስ ታይለር የተባለው ተመራማሪ ክትባቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲሆን፣ ለዚሁ ሥራው በ1951 የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል። ያን ያህል ሕዝብ ያለቀው መከላከያው ተሠርቶ ብዙ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1966 በአርባ ምንጭ አካባቢ በሽታው እንደገና ተነሥቶ ወደ 2200 የሚጠጋ ሰው አሳመመ፤ በመቶ የሚቆጠሩም ሞቱ። ከዚያ በኋላ ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ስሙ ሳይሰማ ቆየ። ሐኪሙም ገበሬውም ረሱት። በ2005 ዓ.ም. በደቡብ ኦሞ ሲመለስ በበሽታው ከተጠረጠሩት 165 ሰዎች መካከል 62ቱ ሕይወታቸው አለፈ፤ ግማሽ ሚሊዮን ለሚያህል ሕዝብም ክትባት ተሰጠ።

ይህ ሁሉ ለሆሳዕና ሰው የሩቅ ቆላ ወሬ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በሽታው ከዚያ ወዲህ እየቀረበ መጥቷል። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ በጎረቤታችን በወላይታ ዞን በኦፋ ወረዳ ተከሥቶ 35 ሰዎች ተጠርጥረው 10 ሞተዋል። የካቲት 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን በኩል ሐዲያን በሚያዋስነው በጉራጌ ዞን፣ በእኖር ኤነር ወረዳ፣ በአንድ ገጠር ቀበሌ የአንድ ቤት አባት፣ እናትና ልጅ በበሽታው መጠርጠራቸው ተነገረ። ናሙናው አዲስ አበባ ከታየ በኋላ ለማረጋገጫ እስከ ኡጋንዳ ሄዶ ውጤቱ የተረጋገጠው በመጋቢት ወር አጋማሽ ካለፈ በኋላ ነበር። በመጋቢት መጨረሻ የተጠርጣሪዎቹ ቁጥር 85 ደርሷል። ጊዜው የኮሮና የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን የተገኘበት ስለ ነበር የሁሉም ጆሮ ወደዚያ ዞሮ የእኖር ኤነሩ ጉዳይ ብዙ ሳይወራ አለፈ። በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉ ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ መታመማቸው ግን ለእኛ ብዙ ይነግረናል። ሦስቱም በአንድ ቀን ጫካ የገቡ ካልሆነ በስተቀር በሽታው ያገኛቸው ከደጃቸው መሆኑን መገመት አያስቸግርም።

ወላይታም፣ ጉራጌም፣ ሐዲያና ከምባታም የእንሰት አገር ናቸው። ጓሮው አንድ ነው፤ የገበያው መንገድም አንድ ነው።

ደጋ ነን ማለት

በከፍታው ሥፍራ የሚኖረው ወገናችን ትንኝ የሾኔና የጊቤ ዳር ሰው ችግር ነው ብሎ ያስባል። ሆሳዕናም ዱራሜም ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ላይ የተቆረቆሩ ስለ ሆኑ ለወባ ይህ አባባል ብዙ ጊዜ እውነትነት ነበረው። ለቢጫ ወባ ግን ወሰኑ ሌላ ነው። የጤና ባለሙያዎች ለተጓዦች ክትባት ሲመክሩ እንደ መለኪያ የሚይዙት 2300 ሜትርን ነው። ከዚያ በታች ያለው ሥፍራ ከሥጋት አይወጣም። ብዙው የሐዲያና የከምባታ የእንሰት ቀበሌ ከዚህ ወሰን በታች ነው።

ከዚህም በላይ የአካባቢው ሰው ባለበት አይቀመጥም። መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ በመሆኑ የሐዲያና የከምባታ ወጣት ለወቅት ሥራ ወደ ወንጂና መተሐራ የስኳር እርሻዎች መውረድ ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በቅርብ ዓመታትም ወደ ኦሞ ሸለቆ የስኳር ልማት የሚሄደው ጥቂት አይደለም። ለሥራ የሄደው ሁሉ ለመስቀል ይመለሳል። መስቀል ደግሞ ክረምቱ ገና የወጣበት፣ በእንሰቱ ብብት ውስጥ ውሃ ሞልቶ ያለበት ወቅት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። በሆሳዕና ከተማ ስለ ቢጫ ወባ ክትባት ምንም የማያውቅ ቤተሰብ ማግኘት ያስቸግራል። ነገር ግን የሚያውቀው በቢጫ ካርዱ ነው። ደቡብ አፍሪካ ከአገራችን የሚመጣን መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ስለምትጠይቅ፣ ልጁን ወደዚያ የላከ ቤት ሁሉ ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር ያስታውሰዋል። ክትባቱ ከጉዞ ወረቀት ተቆጥሯል ማለት ነው። ጆሃንስበርግ የሄደው ልጅ ተከትቦ፣ በእንሰቱ መካከል ቀኑን ሙሉ የምትውለው እናቱ ያልተከተበች መሆኗ ለዚህ ዘጋቢ ተገቢ መስሎ አይታየውም።

የወፍ በሽታ ነው እየተባለ

በሽታው ሰውን ሲይዝ የሚያሳየው ምልክት መጀመሪያ ላይ ከወባም ከተስቦም አይለይም። ትንኟ ከነከሰች ከ3 እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ድንገተኛ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ከባድ የወገብ ሕመምና ማስመለስ ይጀምራል። ብዙዎቹ ከሦስት አራት ቀን በኋላ ይሻላቸዋል፤ የዳኑትም ዳግመኛ አይያዙም። ዓይን የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። ከታመሙት መካከል ከመቶ 15 የሚሆኑት ተሽሏቸው ከተነሡ ከአንድ ቀን በኋላ ሕመሙ ያገረሽባቸዋል። ዓይናቸው ቢጫ ይሆናል፣ ሽንታቸው ይጠቁራል፣ ከአፍንጫና ከድድ ይደማሉ፣ የጠቆረ ደም ያስመልሳሉ። እዚህ ደረጃ ላይ ከደረሱት ግማሽ ያህሉ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይሞታሉ።

ዓይን ቢጫ ሲሆን በየመንደሩ የሚሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው። የወፍ በሽታ ነው ይባላል፤ ሥር የሚያጠጣ አዋቂ ይፈለጋል። ሌላውም ወገን ወባ ነው ብሎ ከመድኃኒት መደብር ክኒን ይገዛል። በሁለቱም መንገድ ቀኑ ያልፋል። ጉበቱ በተጎዳ ሰው ላይ ምንነቱ ያልታወቀ ሥር ማጠጣት ሕመሙን ሊያብስ ይችላል፤ ለትኩሳት ተብሎ አስፕሪን መስጠትም መድማቱን ያባብሳል። በሽታውን የሚገድል መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ሐኪም ቤት የሚደረገው ርዳታ ፈሳሽ በመተካት፣ ትኩሳቱን በመቆጣጠር ሰውነቱ ራሱን እንዲከላከል ጊዜ መስጠት ነው። ይህም ብዙዎችን ያድናል።

በየቀበሌው ጤና ኬላ ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የወባን ምርመራ ጣት ወግተው በደቂቃዎች ያደርጋሉ። ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው ምርመራው ወባ የለም ብሎ ሳለ ትኩሳቱ ሲቀጥልና ዓይን ቢጫ ሲሆን ነው። በዚያን ጊዜ በሽተኛውን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገም ሆሳዕና ወደሚገኘው ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል መሄድ ይገባል። የአንድ ሰው ደም ተልኮ መመርመሩ ለመንደሩ ሁሉ ነው፤ የወረዳው ክትባት የሚመጣው ያ ናሙና ሲረጋገጥ ነውና።

እንሰቱስ?

በጓሮ ውስጥ ይህን ስናወራ ወዲያው የሚነሣው ጥያቄ እንሰቱ ይቆረጥ ወይ የሚል ነው። አይቆረጥም። ቀድሞውንም አጠውልግ ያሳሳውን ጓሮ በትንኝ ሰበብ መመንጠር ረሃብን መጥራት ነው። መድኃኒት ይረጭ እንዳይባል ቅጠሉን ከብት ይበላዋል፣ ምግብ ይጠቀለልበታል። አንድ ቤት ያለው እንሰት በመቶ የሚቆጠር ሲሆን እያንዳንዱ እግር ስንት ብብት እንዳለው የቆጠረ ያውቀዋል። ውሃውን እየዞሩ መድፋት የሚቻል አይደለም፤ የሚቻል ቢሆንም የማግሥቱ ዝናብ ይሞላዋል። ከቤቱ በር አጠገብ ያሉትን የደረቁ ቅጠሎችና ልባሶች ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ማጽዳታቸው መልካም ነው። ከዚያ የተረፈው የክትባቱ ድርሻ ነው።

ክትባቱ ለዕድሜ ልክ አንድ ጊዜ ይበቃል። ከተወጋ በ10 ቀን ውስጥ አብዛኛውን ሰው፣ በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ ሁሉንም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ይከላከላል። ስለዚህ ወደ ቆላ ለሥራ የሚወርድ ወጣት ሊሄድ ሲነሣ ሳይሆን ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መከተብ ይኖርበታል። ዕድሜያቸው 9 ወር ላልሞላ ሕፃናት በመደበኛው ጊዜ አይሰጥም፤ ነፍሰ ጡሮችና በሌላ ሕመም ሰውነታቸው የተዳከመ ሰዎችም አስቀድመው ባለሙያ ማማከር አለባቸው።

በከተሞቹ በኩል ያለው ነገር ትንሽ ይለያል። የዚችው ትንኝ ዘመድ የሆነችው ኤደስ ኤጅፕታይ የምትወደው በርሜል፣ ጀሪካን፣ የተጣለ ጎማና ክዳን የሌለው ሮቶ ነው። በድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ደንጊ የተባለው ትኩሳት ከ11 ሺህ በላይ ሰው ያሳመመው፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምትም ቺኩንጉንያ የተባለው መገጣጠሚያን የሚያስር ሕመም በአሥር ሺዎች ላይ የወደቀው በእርሷ ምክንያት ነው። ሁለቱም ቫይረሶች ናቸው፤ ሁለቱም የሚዛመቱት ሰው በየቤቱ ባጠራቀመው ውሃ ነው። ቧንቧ በተራ በሚመጣባቸው ከተሞቻችን ውሃ አታጠራቅሙ ማለት አይቻልም። በርሜሉን መክደንና በሳምንት አንድ ጊዜ ግድግዳውን ፈትጎ ማጠብ ግን ይቻላል። እጩ ትንኝ ለመሆን ሳምንት ያህል ስለሚፈጅበት ነው በሳምንት የተባለው።

ከብቱም አልቀረለትም

በነፍሳት የሚዛመቱ ቫይረሶች ሰውን ብቻ አይነኩም። በበሬው ቆዳ ላይ ከራስ እስከ ጅራት እባጭ የሚያወጣው በሽታ ወደ አገራችን የገባው በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ መጀመሪያ የታየው በጣና ሐይቅ አካባቢ ነው። ዛሬ ያልደረሰበት አውራጃ ጥቂት ነው። ተናካሽ ዝንቦችና ትንኞች ከአንዱ ከብት ወደ ሌላው ያደርሱታል፤ መዥገርም ሳትረዳ አትቀርም። የሚገድለው ከብት ቁጥር አነስተኛ ቢሆንም ላሟ ወተቷ ይነጥፋል፣ በሬው እግሩ አብጦ ከቀንበር ይወጣል፣ ቆዳው ገበያ አያወጣም። ክረምቱ ወጥቶ ዝንብ ሲበዛ ይብሳል። የመከላከያው ክትባት ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚመረት ስለ ሆነ ወረዳው ሲያስከትብ ከብትን ደብቆ ማስቀረት ራስን መጉዳት ነው። ከገበያ የተገዛ ከብትም ወደ መንጋው ከመቀላቀሉ በፊት ለብቻው ታስሮ ቢሰነብት ይመረጣል።

ፈረስ ለሚወደው የሐዲያ ሰው ደግሞ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለውን ማንሣት ይገባል። ይህን የምታስተላልፈው ከትንኝ በጣም የምታንስ፣ በዓይን በጭንቅ የምትታይ ነፍሳት ናት። ከዓይኑ በላይ ያለው ጉድጓድ ያበጠ፣ ከአፍንጫው አረፋ የሚወጣ ፈረስ የመዳን ተስፋው የመነመነ ነው። አህያ ግን ብዙ ጊዜ ትቋቋመዋለች። ይህቺ ነፍሳት የምትናከሰው ከፀሐይ መጥለቂያ እስከ ንጋት ስለ ሆነ ፈረሱን በክረምት መውጫ ሳይመሽ ወደ ጋጥ ማስገባት ይጠቅማል። እንግዲህ ለፈረሱ ሌሊቱ፣ ለባለቤቱ ቀኑ ክፉ ሆነ ማለት ነው።

ስለ አጎበር መጀመሪያ ላይ የጻፍነው ከንቱ ነው ለማለት እንዳልሆነ አንባቢ እንዲረዳልን እንወዳለን። በቢጫ ወባ የተጠረጠረ ሰው በደሙ ውስጥ ቫይረሱ በብዛት የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ የትኩሳት ቀናት ነው። በእነዚያ ቀናት የጓሮዋ ትንኝ ብትነክሰው በሽታውን ወስዳ ለሌላው ታስተላልፋለች። ስለዚህ በሽተኛው ወደ ጤና ጣቢያ እስኪሄድም ሆነ ከዚያ ሲመለስ በቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አጎበር ተዘርግቶለት ይተኛ። ወደ ጤና ጣቢያው የሚያደርሰውም ሰው ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን፣ በሽተኛው ባለፈው ሳምንት የት እንደ ነበረና በቤቱ ሌላ የታመመ መኖር አለመኖሩን ይዞ ይሂድ፤ ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው።